የጤና መድህን ገንዘብን በምክር ቤት መመርመር፦ ለጎንደር ከተማ የበጀት ቋሚ ኮሚቴ አባላት ዝርዝር መመሪያ

የጤና መድህን ሪፖርት ለምክር ቤት ሲቀርብ ጎልቶ የሚነበበው አንድ ቁጥር ነው፤ «ከእቅዱ ይህን ያህል በመቶ አባወራና እማወራ ተመዝግቧል» የሚለው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ ይጨበጨባል፤ ውይይቱም ወደ መንገድና ወደ ውኃ ይሻገራል። ይህ ቁጥር ግን ገንዘቡ የት እንደደረሰ፣ ጤና ጣቢያው ተከፍሎት እንደሆነና በመጪው ዓመት መድህኑ መቆም መቻሉን አይነግርም። የሚከተለው መመሪያ የሚያርፈው በአንድ ሥራ ላይ ነው፦ ማንኛውንም ቁጥር ሪፖርቱን ካዘጋጀው አካል ብቻ አለመቀበል፣ ሌላ እጅ ከያዘው ሰነድ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት። ለዚህ የሂሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ መደመር፣ መቀነስና ትዕግሥት ይበቃል።

ማን ለማን ይጠየቃል

ጥያቄን ለማይመለከተው ሰው ማቅረብ የብዙ ጉባኤዎችን ሰዓት ይበላል። የከተማው ምክር ቤት የሚቆጣጠረው የከተማ አስተዳደሩን ነው፤ ማለትም ገንዘብ መምሪያን፣ ጤና መምሪያን፣ በጤና መምሪያ በኩል እንደ አዘዞ፣ ማራኪ፣ ጠዳና ወለቃ ያሉትን ጤና ጣቢያዎች፣ እንዲሁም ክፍለ ከተሞችን።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ግን ከዚህ ውጭ ነው። ሆስፒታሉ የዩኒቨርሲቲው አካል ነው፤ በጀቱ ከፌዴራል መንግሥት ይመጣል፣ ሂሳቡን የሚመረምረው የፌዴራል ዋና ኦዲተር ነው፣ ሪፖርቱም የሚቀርበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 ንዑስ አንቀጽ 2 ዋና ኦዲተሩ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ መርምሮ ለዚሁ ምክር ቤት ያቀርባል፤ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ደግሞ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል። የከተማው ምክር ቤት ከሆስፒታሉ ጋር ያለው መንገድ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው መድህኑ ከሆስፒታሉ ጋር የፈረመው የአገልግሎት ውል ነው። ሁለተኛው ከጎንደር ተመርጠው አዲስ አበባ የተቀመጡት እንደራሴዎች ናቸው፤ እነርሱ ጉዳዩን ለመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ማድረስ ይችላሉ። የመገጭ ግድብም ያው የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ በከተማ ጉባኤ ላይ ሲነሳ ስሜት ይሞቃል እንጂ መልስ የሚሰጠው አካል አዳራሹ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር አትቀላቅሉ። እዚህ የምንነጋገርበት ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደመወዝተኛ ላልሆነው ነዋሪ የተዘረጋው ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከደቡብ ጎንደር ፎገራ አንዷ ነበረች። በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው ማኅበራዊ ጤና መድህን ደግሞ ለደመወዝተኛና ለጡረተኛ የታሰበ ሌላ ሥርዓት ነው። በሪፖርት ላይ ዝም ብሎ «ጤና መድህን» ከተባለ የትኛው እንደሆነ አስጽፉ።

ቀኑን መምረጥ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ያበቃል። ለኮሚቴው የሚጠቅሙት ጊዜያት ሦስት ናቸው። በግንቦትና በሰኔ ረቂቅ በጀቱ ገና በእርሳስ ላይ ስለሆነ አንድ መስመር ማስቀየር ይቻላል፤ ከጸደቀ በኋላ ያው ጥያቄ ገንዘብን ከአንድ መስመር ወደ ሌላው የሚያዛውር የዝውውር ደብዳቤ ይጠይቃል። ጥር የስድስት ወር አፈጻጸም የሚታይበት ነው። በጎንደር ግን በጥምቀት ሰሞን ከዋዜማው ቀናት ጀምሮ ቢሮ ሰው አይገኝበትም፤ ስለዚህ የሰነድ ደብዳቤው በታኅሣሥ አጋማሽ ይውጣ፣ የመስክ ሥራው ከጥር 15 በኋላ ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ ሂሳብ የሚዘጋበት ነው፤ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት የተከፈሉ ክፍያዎች ተለይተው የሚታዩት ያኔ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰነዱን በስሙ መጠየቅ

«ሪፖርት ይላክልን» የሚል ደብዳቤ የሚያመጣው ሪፖርት ነው፤ ሰነድ አይደለም። ደብዳቤው በሰብሳቢው ተፈርሞ፣ የምክር ቤቱ ማኅተም አርፎበት፣ ከጉባኤው ቢያንስ 15 የሥራ ቀናት ቀድሞ ይውጣ። በውስጡም እነዚህ በስም ይጠቀሱ፦

ከገንዘብ መምሪያ፦ የጸደቀው በጀት፣ የተስተካከለው በጀትና ትክክለኛው ወጪ በሂሳብ መደብ ተዘርዝሮ ከአይቤክስ (ከመንግሥት የበጀትና የሂሳብ ኮምፒውተር ሥርዓት) የታተመ፤ የዓመቱ የበጀት ዝውውር ደብዳቤዎች በሙሉ፤ የተሰብሳቢ (ከሌሎች የሚጠበቅ) እና የተከፋይ (ለሌሎች የሚከፈል) ሂሳብ ዝርዝር፣ እያንዳንዱ ከመቼ ጀምሮ እንደቆየ ተጽፎ።

ከጤና መድህን ጽሕፈት ቤት፦ የ12 ወር የባንክ መግለጫ፣ ባንኩ ራሱ አትሞ ማኅተሙን ያሳረፈበት፤ የወር ወር የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ፤ የደረሰኝ ጥራዞች ለየትኛው ቀበሌ ከቁጥር ስንት እስከ ስንት እንደተሰጡና እንደተመለሱ የሚያሳየው መዝገብ፤ የአባላት መዝገብ አዲስ፣ ያደሰ፣ ያላደሰና መክፈል የማይችል ተብሎ ተለይቶ፤ የክፍያ ጥያቄ መዝገብ፤ ከጤና ተቋማት ጋር የተፈረሙ ውሎች።

ከጤና ጣቢያዎቹና፣ በውሉ መሠረት፣ ከሆስፒታሉ፦ ለመድህን አባላት ሰጥተን ያልተከፈለን የሚሉት ገንዘብ በወር ተዘርዝሮ።

ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር፤ ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።

በዚህ ደረጃ የሚበላሸው የታወቀ ነው። በባንክ መግለጫው ፈንታ በኤክሴል የተቀዳ ሠንጠረዥ ይመጣል። ወይም ጉባኤው ሁለት ቀን ሲቀረው 80 ገጽ ይደርሳል። ለመጀመሪያው መፍትሔው መልሶ መላክ ነው፤ የተቀዳ ቁጥር ባለቤት የለውም። ለሁለተኛው ደግሞ የተጠየቀበትና የደረሰበት ቀን በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ኮሚቴው ሳያነብ አስተያየት ከመስጠት አጀንዳውን ቢያሳድር ይሻላል። በመዝገብ የሰፈረ መዘግየት ለቀጣዩ ዓመት የሥራ ግምገማ ይጠቅማል።

ደረጃ 2፦ በጀቱን በሂሳብ መደብ ማንበብ

ወፍራሙ ሰነድ አያስፈራችሁ። የወጪ መደቦቹ አራት ቤት ናቸው፦ 6100 የሰው ኃይል፣ 6200 ዕቃና አገልግሎት፣ 6300 ቋሚ ንብረትና ግንባታ፣ 6400 ድጎማና ሌሎች ክፍያዎች። ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ሥሩ፤ የጸደቀ፣ የተስተካከለ፣ የወጣ። ከዚያ ልዩነቱ የሰፋበትን መስመር ብቻ አክብቡ። ጠቅላላ ድምሩ 98 በመቶ ሲሆን የሚያረካ ይመስላል፤ በውስጡ ግን የመድኃኒት መስመር 40 በመቶ፣ የውሎ አበልና የነዳጅ መስመር 180 በመቶ ሆኖ ሊያድር ይችላል። ድምር ይሸፍናል።

ቀጥሎ የዝውውር ደብዳቤዎቹን በቀን ደርድሩ። አንድ መስመር ከበጀቱ በላይ ወጥቶበት የዝውውር ደብዳቤው ቀን ግን ከክፍያው በኋላ ከሆነ፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ወጥቶ ፈቃዱ ኋላ ተፈልጎለታል ማለት ነው። ይህንን ለማግኘት ሁለት ቀን ማመሳከር ብቻ ይበቃል፤ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ የሚያየው ጥቂት ሰው መሆኑ ያስገርማል።

ለጤና መድህን የሚመደበው የመክፈል አቅም የሌላቸው ነዋሪዎች ድጎማ የት መስመር ላይ እንደተቀመጠ አግኙ። በጤና መምሪያ ሥር ከሌላ ድጋፍ ጋር ተጨፍልቆ ከገባ በሰኔ ራሱን የቻለ መስመር እንዲሆን ጠይቁ። ተለይቶ ያልተጻፈ ድጎማ በዓመቱ መካከል ለሌላ ጉዳይ ሲነሳ ማንም አያይም።

ደረጃ 3፦ የመድህኑን ገንዘብ ከቤት እስከ ባንክ፣ ከባንክ እስከ ጤና ጣቢያ መከተል

የኮሚቴው ዋና ሥራ እዚህ ነው፤ ከጊዜያችሁ ግማሹን ለዚህ መድቡ። መንገዱን በምሳሌ ብናየው ይቀላል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የጎንደር አይደሉም፤ የእናንተን በቦታቸው ተኩ።

የሚጠበቀው ገቢ። 24,000 ከፋይ ቤተሰብ በ1,000 ብር፣ 24 ሚሊዮን። መክፈል የማይችሉ 6,000 ቤተሰብ፣ መንግሥት የሚሸፍንላቸው 6 ሚሊዮን። ጠቅላላ 30 ሚሊዮን። ሪፖርቱ «ገቢያችን 30 ሚሊዮን፣ የቀረበልን የክፍያ ጥያቄ 27 ሚሊዮን፣ ትርፋችን 3 ሚሊዮን» ይላል እንበል።

አሁን አንድ በአንድ ከሌላ ሰነድ ጋር አስተያዩ።

መጀመሪያ የደረሰኝ ጉርዶችን ደምሩ። 23.1 ሚሊዮን ከመጣ፣ በመዝገብ አባል ተብለው ደረሰኝ የሌላቸው ወደ 900 ቤተሰቦች አሉ ማለት ነው። ምናልባት ምዝገባው እቅድ ለማሟላት ተጽፏል፤ ምናልባት ደረሰኝ ሳይቆረጥ ገንዘብ ተወስዷል። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ጥፋቶች ስለሆኑ ከስም ዝርዝሩ አሥር ቤተሰብ መርጣችሁ የአባልነት ደብተራቸውን ጠይቁ፤ ያኔ ይለያል።

ሁለተኛ የባንኩን መግለጫ እዩ። የገባው 21.4 ሚሊዮን ከሆነ፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት ባንክ ያልደረሰ 1.7 ሚሊዮን አለ። በዚህ ጊዜ የደረሰኝ ጥራዝ መዝገቡ ያስፈልጋል፤ የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው ሰብሳቢ፣ የትኛው ጥራዝ እንዳልተመለሰ ይናገራል። ሰብሳቢዎቹ ብዙውን ጊዜ በሌላ ሥራ ላይ ደርበው የሚሠሩ የቀበሌ ሰዎች ናቸው፤ ገንዘቡን በየሳምንቱ ገቢ እንዲያደርጉ ካልተገደዱ እጃቸው ላይ ይከርማል። ጉድለቱ በስርቆት ሳይሆን በመዘግየት የመጣ ሊሆን ስለሚችል «ሌባ» ከማለት በፊት ቀኑን ቁጠሩ።

ሦስተኛ ድጎማው። 6 ሚሊዮን በበጀት ጸድቋል፤ ወደ መድህኑ ሂሳብ የገባው ግን 3 ሚሊዮን ሊሆን ይችላል። የጸደቀ በጀትና ባንክ የገባ ገንዘብ አንድ አይደሉም፤ ሪፖርቶች ግን እንደ አንድ ያነቧቸዋል። ቀሪው ያልተላለፈው በክልሉ ድርሻ ይሁን በከተማው ድርሻ ለዩ፤ የከተማው ከሆነ ተጠያቂው ከፊታችሁ ተቀምጧል። ፈንዱ ከከተማው ከፍ ባለ የጋራ ቋት ከተደራጀ ደግሞ የሚታየው የቋቱ ሂሳብ ነው፤ ከተማው ወደ ቋቱ ያስገባበትን የባንክ ማዘዣ አስቀርቡ።

አራተኛ ዕዳው። መድህኑ ከ27 ሚሊዮኑ ጥያቄ 19 ሚሊዮን ከፍሏል፤ ስለዚህ የምከፍለው 8 ሚሊዮን ቀርቷል ይላል። ጤና ጣቢያዎቹና ሆስፒታሉ የላኩት ዝርዝር ግን 10.5 ሚሊዮን ይላል። የ2.5 ሚሊዮኑ ልዩነት ከየት መጣ? አገልግሎቱ ተሰጥቶ ጥያቄው ገና ያልተላከ፣ ተልኮ ሳይመዘገብ የተቀመጠ፣ ወይም በመድህኑ ባለሙያ ውድቅ ተደርጎ ለተቋሙ ያልተነገረ ሊሆን ይችላል። ጥያቄ ስላልቀረበ ዕዳ የለም ማለት አይቻልም።

አሁን ስሌቱን ዝጉ። ባንክ የገባው 21.4 እና 3፣ በድምሩ 24.4 ሚሊዮን። የተከፈለው 19 ሚሊዮን። በሂሳቡ ላይ 5.4 ሚሊዮን ቀርቷል። ዕዳው 10.5 ሚሊዮን። የ3 ሚሊዮን ትርፍ የተባለው የ5.1 ሚሊዮን ጉድለት ነው። ማንም አልዋሸም ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቢሮ የያዘውን ቁጥር ነው የተናገረው። ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ስለሌለ ብቻ ነው።

ጉድለቱ ምን ያስከትላል? ጤና ጣቢያ ከመድህኑ የሚያገኘው ክፍያ የውስጥ ገቢው ነው፤ በዚህ ገቢ ነው መድኃኒት የሚገዛው። ክፍያው ሦስትና አራት ወር ሲዘገይ መደርደሪያው ይራቆታል። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ ሳለ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። በዓመቱ ደብተሩን አያድስም። መጀመሪያ የሚተወው ጤነኛው ነው፤ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ይቆያል። እድር ውስጥ ለቅሶ የደረሰበት ብቻ የሚያዋጣ ቢሆን ምን እንደሚሆን ማንም ያውቀዋል። ስለዚህ የእድሳት መጠን ከወደቀ ጤና መምሪያውን ስለ ቅስቀሳ ከመውቀስ በፊት ስንት ቀን ክፍያ እንደዘገየ ጠይቁ፦ ጥያቄው ከቀረበበት ቀን እስከ ተከፈለበት፣ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ።

የጥያቄ መጠን ሲነጻጸርም ተጠንቀቁ። የቀረበው የክፍያ ጥያቄ ከገቢው ጋር ሲካፈል ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከ100 በመቶ ካለፈ መዋጮው፣ ድጎማው ወይም የተቋማቱ አጠያየቅ መታየት አለበት። 40 በመቶ ቢሆንም ደስ አይበላችሁ፤ ወይ ጥያቄ እየተከማቸ ነው፣ ወይ አባላት አገልግሎት እያጡ ነው።

ሌላ ቀዳዳ፦ የመዋጮው ገንዘብ ለሕክምና ክፍያ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ደመወዝ፣ የቅስቀሳ አበል፣ የመኪና ነዳጅ ከመንግሥት በጀት መሸፈን አለበት። በባንክ መግለጫው ላይ ለጤና ተቋም ያልሆነ ማንኛውም ክፍያ ካያችሁ ማዘዣውን አውጡ። ከውጭ መድኃኒት ገዝተው ለመጡ አባላት የሚመለስ ክፍያ ካለም የሐኪም ማዘዣው፣ «የለም» የሚለው የተቋሙ ማኅተምና የግዢ ደረሰኙ ሦስቱም አብረው መኖር አለባቸው።

ደረጃ 4፦ ጤና ጣቢያ መውረድ

ለመስክ ሁለት ጤና ጣቢያ ይበቃል፤ አንዱ መሀል ከተማ፣ አንዱ እንደ ጠዳ ወይም ወለቃ ዳር ላይ ያለ። ከመሄዳችሁ በፊት ከመድህኑ ጽሕፈት ቤት የተከፈሉ ጥያቄዎች 30 ምረጡ። ናሙናውን ራሳችሁ ምረጡ፤ ከመዝገቡ በየአሥራ አምስተኛው መስመር መውሰድ ቀላል ነው። ተቋሙ የመረጠላችሁ ሰነድ ሁልጊዜ ንጹህ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ፦

የአባሉ ቁጥር በዚያ ቀን ጸንቶ ነበር ወይ? በተመላላሽ ታካሚ መዝገብ ላይ በተመሳሳይ ቀን ስሙ አለ ወይ? የተጠየቀው መድኃኒት ከማዘዣው ጋር፣ ማዘዣው ከመድኃኒት ቤቱ መስጫ መዝገብ ጋር ይገጥማል ወይ? ዋጋው በተቋሙ በጸደቀው የዋጋ ዝርዝር መሠረት ነው ወይ? የሆስፒታል ጥያቄ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ተያይዟል ወይ?

አንድ ጥያቄ ደግሞ ተለይቶ ይጠየቅ። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና፣ የቤተሰብ ምጣኔ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ የሚሰጡ ናቸው። እነዚህ በመድህኑ ላይ ተሞልተው ከመጡ መድህኑ የማይመለከተውን እየከፈለ ነው።

ከ30 ውስጥ ሁለትና ሦስት ስህተት የጽሕፈት ስህተት ሊሆን ይችላል። ስህተቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ተቋሙ ጥቅም፣ ካዘነበለ ግን ጉዳዩ ለክሊኒካል ኦዲት፣ ማለትም የሕክምና ባለሙያዎች ለሚያደርጉት ምርመራ፣ ይመራ። እናንተ የሕክምና ትክክለኛነት አትፈርዱም፤ ይህ መድኃኒት ያስፈልግ ነበር ወይ የሚለው የባለሙያ ጥያቄ ነው። የታካሚን ስምና ሕመምም በጉባኤ አታንሡ፤ በማስታወሻችሁ የሚቀመጠው የመዝገብ ቁጥሩ ብቻ ይሁን።

የመድኃኒት መጋዘኑን በዚያው እዩ። ሞዴል 19 የተባለው ቅጽ የገባውን፣ ሞዴል 22 የወጣውን ይናገራል፤ የመደርደሪያው ካርድ ላይ ያለው ቀሪ ከቆጠራው ጋር መግጠም አለበት። አምስት ዓይነት መድኃኒት ብትቆጥሩ በቂ ነው።

ደረጃ 5፦ የመኪናና የንብረት መድን

ይህ አጭር ነው፤ ግን የሚዘነጋ ነው። ከመደብ 6200 ውስጥ 6254 የመድን ክፍያ መስመር ነው። የከተማውን ተሽከርካሪዎች ዝርዝር፣ አምቡላንስና ቆሻሻ ማንሻን ጨምሮ፣ ከመድን ውሎቹ ጋር አስተያዩ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው። የሚገኙት ሁለት ዓይነት ችግሮች ናቸው፦ ቆመው ለዓመታት ላልተንቀሳቀሱ መኪኖች ሙሉ ዋስትና መክፈል፣ በየቀኑ የሚሮጠው ደግሞ ውሉ ማለፉ። አደጋ ደርሶ ካሳ ከተከፈለም ገንዘቡ በየትኛው ገቢ መስመር እንደገባ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ የኦዲት ሪፖርቱን ማንበብ

መጀመሪያ አስተያየቱን ፈልጉ። ነቀፌታ የሌለበት፣ ከጥቂት ጉድለቶች በስተቀር አጥጋቢ፣ የጎላ ችግር ያለበት፣ ወይም አስተያየት ለመስጠት ያልተቻለ። የመጨረሻው «ምንም አልተገኘም» ተብሎ ሲተረጎም ይሰማል፤ ትርጉሙ ሰነድ ጠፍቶ ኦዲተሩ መመርመር አቃተው ማለት ነው፤ ቀላል አይደለም።

ከዚያ ግኝቶቹን በሦስት ክምር ለዩ። ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ በመጀመሪያው፤ ሕግ ሳይጠበቅ የተፈጸመ ግዥና ክፍያ በሁለተኛው፤ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ በሦስተኛው። ሦስተኛው በብር ትልቁ ይሆናል፤ ጉባኤውም በእርሱ ላይ ይወርዳል። ነገር ግን ከአሥር ዓመት በፊት በለቀቀ ሠራተኛ ስም የተንጠለጠለ ተሰብሳቢና ባለፈው ግንቦት ለሥራ ተቋራጭ የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ በአንድ ሚዛን አይታዩም። ለመጀመሪያው የስረዛ ወይም የክስ ውሳኔ ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው የሥራው ደረጃ ይታይ።

ካለፈው ዓመት ሪፖርት ጋር ማስተያየት አትርሱ። አንድ ግኝት በተመሳሳይ ቃል ለሁለተኛ ዓመት ከተደገመ ጥያቄው ስለ ግኝቱ መሆኑ ቀርቶ የባለፈውን ዓመት ውሳኔ ያልፈጸመው ማን እንደሆነ መሆን አለበት።

ደረጃ 7፦ ጥያቄውን መጠየቅ

የምክር ቤት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ንግግር ይሆናል። አምስት ደቂቃ ማማረር፣ በመጨረሻ «ለምን እንዲህ ሆነ?»። ለዚህ የሚመጣው መልስ ደግሞ «የበጀት እጥረት፣ የአቅም ውስንነት፣ የጸጥታ ችግር» ነው። ከእነዚህ አንዱም ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም ኃላፊውን ከምንም አያስይዝም።

ጥያቄው ቁጥር፣ ቀንና ሰነድ ይኑረው። «የማራኪ ጤና ጣቢያ የኅዳር ጥያቄ ታኅሣሥ 8 ገብቷል ተብሎ በመዝገብ አለ፤ ክፍያው የወጣው መጋቢት 20 ነው። በእነዚህ 102 ቀናት ሰነዱ በማን ጠረጴዛ ላይ ነበር?» ዓይነት። ቀኖቹ እዚህ ለምሳሌ ናቸው። እንዲህ ላለ ጥያቄ መልሱ ወይ ስም ነው፣ ወይ «አጣርተን እንመልሳለን»። ሁለተኛው ከሆነ ሰብሳቢው እዚያው «በጽሑፍ፣ እስከ መቼ?» ብሎ ቀኑን በቃለ ጉባኤ ያስጽፍ።

ጥያቄዎቹን ቀድማችሁ ተከፋፈሉ። አንዱ ስለ መዋጮ፣ አንዱ ስለ ድጎማ፣ አንዱ ስለ ዕዳ። ሦስት አባላት አንድ ጥያቄ ሲደጋግሙ ኃላፊው በአንድ መልስ ሦስቱን ያሳልፋል። ባለሙያው ስህተት ሲያምን አትቀጥቅጡት፤ ቀጣዩ ባለሙያ ይህን አይቶ ዝም ይላል። ቁጣው መልስ በማይሰጠው ላይ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ውሳኔውን መጻፍና መከታተል

«ትኩረት ተሰጥቶት እንዲሠራ» የሚል ውሳኔ ውሳኔ አይደለም። እያንዳንዱ መስመር አራት ነገር ይኑረው፦ ሥራው፣ ፈጻሚው በኃላፊነት ስም፣ የመጨረሻ ቀኑ፣ መፈጸሙ የሚታወቅበት ሰነድ። ለምሳሌ፦ «ገንዘብ መምሪያ ያልተላለፈውን የከተማ ድርሻ ድጎማ እስከ የካቲት 30 ወደ መድህኑ ሂሳብ ያስገባል፤ ማስረጃው የባንክ ማዘዣ ቅጂ ነው።» በአንድ ጉባኤ ከሰባት ውሳኔ አትለፉ፤ ሃያ ቢጻፍ አንዱም አይፈጸምም።

ውሳኔው የፌዴራል አካልን የሚነካ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሆስፒታሉ በውሉ ላይ የተጻፈውን አላከበረም ከተባለ፣ ሁለት ደብዳቤ ይውጣ። አንዱ ውሉን ጠቅሶ ለሆስፒታሉ አስተዳደር፣ ሌላው ከነአባሪው ለከተማዋ የሕዝብ ተወካዮች። ለእንደራሴዎቹ የሚላከው ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ የተጠየቀው ገንዘብ፣ የሰነድ ቁጥሮቹና እንዲጠይቁልን የምንፈልገው አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑርበት።

መከታተያው አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ በወር አንድ ቀን የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይሞላዋል። በ«ሁኔታ» ዓምድ ውስጥ የሚፈቀዱት ቃላት «ተፈጽሟል» እና «አልተፈጸመም» ናቸው። «በሂደት ላይ» የሚለውን አትቀበሉ፤ ግማሹ ከተፈጸመ መስመሩን ለሁለት ክፈሉት፤ የተፈጸመው ይዘጋ፣ ያልተፈጸመው አዲስ ቀን ይሰጠው። ቅጂው በሰብሳቢው ቦርሳ ሳይሆን በጽሕፈት ቤቱ ፋይል ይቀመጥ፤ የኮሚቴ አባል ሲቀየር ከነባንክ መግለጫው፣ ከነናሙና ዝርዝሩ በፊርማ ርክክብ ይደረግበት።